አደገኛ ቆሻሻ የት ይቀበር? የቦታ መረጣ ሳይንስና የጎረቤት ድርሻ

አንድ ቤተሰብ አዲስ ቤት ሊሠራ ሲያስብ ስለ ሳሎኑና ስለ መኝታ ክፍሉ በደስታ ይመካከራል። የመጸዳጃው ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከውሃ ጉድጓዱ መራቅ አለበት። ነፋሱ ሽታውን ወደ ቤት በሚያመጣበት አቅጣጫ መሆን የለበትም። የክረምት ጎርፍ የሚያልፍበት ቦታም አይሆንም። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ቦታ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በግቢው ጥግ ነው፤ ከጥጉ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የጎረቤት አጥር ነው።

አንድ ከተማ ወይም አንድ አገር አደገኛ ቆሻሻውን የሚቀብርበትን ቦታ ሲፈልግ የሚገጥመው ጥያቄ በመሠረቱ ከዚህ ቤተሰብ ጥያቄ አይለይም። ልዩነቱ በመጠንና በጊዜ ነው። የቤተሰቡ ጉድጓድ ስሕተት ቢኖርበት በአንድ ክረምት ውስጥ ይታወቃል። የአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ ስሕተት ግን የሚታወቀው ቦታውን የመረጡት ባለሙያዎች በጡረታ ከተገለሉ ወይም ከዚህ ዓለም ከተለዩ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ ቦታ በምን መመዘኛ እንደሚመረጥ፣ ከመመዘኛዎቹ በስተጀርባ ያለው ፊዚክስ ምን እንደሚል፣ እንዲሁም ፊዚክስ መልስ የማይሰጥባቸው ጥያቄዎች የትኞቹ እንደሆኑ ለማየት እንሞክራለን።

አደገኛ ቆሻሻ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትርፍራፊ፣ አመድ፣ ወረቀትና ፕላስቲክ ነው። አደገኛ ቆሻሻ የሚባለው ከአራት ጠባያት ቢያንስ አንዱን የያዘ ነው፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ እንደ ጠንካራ አሲድ የሚበላ፣ ከውሃ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ በኃይል የሚፈነዳ ወይም መርዛማ ጋዝ የሚያወጣ፣ ወይም ራሱ መርዝ የሆነ። ያረጀ የመኪና ባትሪ፣ የቆዳ ፋብሪካ የክሮምየም ዝቃጭ፣ በድሮ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮች ውስጥ የሚገኘው ፒሲቢ የተባለ ኬሚካል ያለበት ዘይት፣ ጊዜው ያለፈበት የፀረ ተባይ መድኃኒት የተለመዱ ምሳሌዎች ናቸው።

የመጨረሻው ምሳሌ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ በየመጋዘኑ ለብዙ ዓመታት የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ነበር። በእኛ ምድር በአግባቡ የሚወገድበት ተቋም ስላልነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ተልኮ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ተደርጓል። አንድ አገር ቆሻሻውን ለማስወገድ ውቅያኖስ ማሻገር ካስፈለገው፣ በቤቱ የሚሠራበት መንገድ አለመኖሩ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። የራዲዮአክቲቭ ቁስ አደጋ በጊዜ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ የራሱ የግማሽ ዕድሜ አለው። እርሳስና ካድሚየም ግን የግማሽ ዕድሜ የላቸውም። ዛሬ የተቀበረ አንድ ኪሎ ግራም እርሳስ ከሺህ ዓመት በኋላም አንድ ኪሎ ግራም እርሳስ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ የሚቀብር ሰው ከሥፍራው እንዳይንቀሳቀስ ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። የቦታ መረጣ ሳይንስም በአጭሩ የማዘግየት ሳይንስ ነው።

መቅበሪያው እንዴት ይሠራል?

ዘመናዊ የአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ ተራ ጉድጓድ አይደለም። ከታች ወደ ላይ ብንቆጥረው በመጀመሪያ የተፈጥሮው መሬት አለ። ከዚያ ላይ በእርጥበት ተጠቅጥቆ የተደለደለ ሸክላማ አፈር ይነጠፋል። በዚያ ላይ ጂኦሜምብሬን የተባለ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ ይዘረጋል። ቀጥሎ ፍሳሽ ቢያልፍ የሚያሳውቅ የጠጠርና የቱቦ ንጣፍ፣ እንደገና ሁለተኛ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ከዚያም በቆሻሻው ውስጥ ያለፈውን ውሃ ሰብስቦ ወደ ማከሚያ የሚወስድ ሌላ የጠጠርና የቱቦ ንጣፍ ይደረጋል። ቆሻሻው ከዚህ ሁሉ በላይ ይቀመጣል። ሲሞላም ዝናብ እንዳያስገባ ከላይ በሚገባ ይከደናል።

ፕላስቲኩ ካለ ሸክላማው አፈር ለምን ያስፈልጋል የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁጥር እንመልሰው። በንጣፉ ላይ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ አለ እንበል። ከበላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፍሳሽ ተኝቷል፤ ከሥሩ ውሃን በነፃ የሚያሳልፍ ጠጠር አለ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነውን የቶሪቼሊን ሕግ ተጠቅመን፣ ቀዳዳው ፍሰቱን የሚያጠብበትን መጠንም ጨምረን ስናሰላ፣ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በቀን ከ12,000 ሊትር በላይ ሊፈስ ይችላል። አሁን ከፕላስቲኩ ሥር በደንብ የተጣበቀ፣ በሚገባ የተጠቀጠቀ ሸክላማ አፈር እናድርግ። በመስኩ የተለመደውን የስሌት ዘዴ ስንከተል የሚያልፈው ፍሳሽ በቀን ከአንድ ሊትር በታች ይሆናል። ፕላስቲኩ ብቻውን በአንዲት ቀዳዳ ይሸነፋል፤ ሸክላማው አፈር ብቻውን በመላ ስፋቱ ያሳልፋል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ግን አንዱ የሌላውን ድካም ይሸፍናል።

ይሁንና ሰው የሠራው ንጣፍ ሁሉ ያረጃል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሁልጊዜ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ፣ «የሠራሁት ነገር በሙሉ አንድ ቀን ከሥራ ውጪ ቢሆን መሬቱ ራሱ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። የቦታ መረጣ ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃ ከመሬት በታች በምን ፍጥነት ይጓዛል?

እ.ኤ.አ. በ1856 ኦንሪ ዳርሲ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የዲዦን ከተማን የውሃ አቅርቦት ሲያጠና፣ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ በሙከራ አገኘ። ሕጉ ቀላል ነው። የሚያልፈው የውሃ መጠን አፈሩ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ከፍ ባለ ቁጥርና የውሃው ወለል ተዳፋት በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምራል። ውሃው የሚጓዘው በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ስለሆነ፣ ትክክለኛ የጉዞ ፍጥነቱን ለማግኘት ውጤቱን ለክፍተቱ ድርሻ ማካፈል ያስፈልጋል።

በሦስት ቦታዎች እንሞክረው። የመጀመሪያው አሸዋማ መሬት ነው። ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በሴኮንድ 0.0001 ሜትር፣ ክፍተቱ 30 በመቶ፣ የውሃው ተዳፋት ደግሞ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ይሁን። ስናሰላው ውሃው በዓመት 105 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመቅበሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ በፍሰቱ አቅጣጫ ያለ የውሃ ጉድጓድ በአሥር ዓመት ገደማ ይደርስበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሸክላማ መሬት ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ1999 መመሪያ መሠረት ከአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ ሥር ያለው መሬት ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በሴኮንድ ከአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ያልበለጠ፣ ውፍረቱም ቢያንስ 5 ሜትር ወይም ከዚያ ጋር የሚመጣጠን መከላከያ የሚሰጥ መሆን አለበት። ክፍተቱን 40 በመቶ ብንል፣ ውሃው በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። አምስቱን ሜትር ለመጨረስ ከ60 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶች ከሸክላማ ቅንጣቶች ጋር ስለሚጣበቁ ከውሃው በብዙ እጥፍ ይዘገያሉ።

ፍሰቱ እንዲህ ሲዘገይ ሌላ ክስተት ይጎላል። ኬሚካሎች ውሃው ባይንቀሳቀስ እንኳ ከበዛበት ወደ አነሰበት ቦታ ይሰራጫሉ፤ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የተጨመረ ስኳር ሳይማሰል ቀስ ብሎ እንደሚዳረስ ማለት ነው። በዚህ ስርጭት የአንድ ሜትር እርጥብ ሸክላማ አፈርን ለማለፍ አሥርተ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ደስ የሚለው ነገር፣ ጊዜው ከውፍረቱ ካሬ ጋር ማደጉ ነው። ውፍረቱን እጥፍ ስናደርግ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛው የተሰነጠቀ ዓለት ነው። ስፋቷ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ግድግዳዋ ለስላሳ የሆነ ስንጥቅ እናስብ። በዚያው በመቶ ሜትር አንድ ሜትር በሆነው ተዳፋት ውሃው በቀን 700 ሜትር ያህል ሊጓዝ ይችላል። ስፋቷ በአሥር እጥፍ ቢያንስ እንኳ በቀን 7 ሜትር ይጓዛል። በአሸዋው ዓመት የፈጀው መንገድ በዚህ የሁለት ሳምንት ጉዞ ነው።

የሦስቱ ንጽጽር አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ብዙ ጊዜ «መቅበሪያው ከመንደሩ በስንት ኪሎ ሜትር ይራቅ?» ተብሎ ይጠየቃል። ርቀት ለሽታ፣ ለአቧራና ለጭነት መኪና ትራፊክ ጥሩ መለኪያ ነው። ለከርሰ ምድር ውሃ ግን ብቻውን አይበቃም። በሸክላማ መሬት ላይ፣ ከፍሰቱ በተቃራኒ አቅጣጫ በግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መንደር፣ በተሰነጠቀ ዓለት ላይ በፍሰቱ አቅጣጫ ሦስት ኪሎ ሜትር ከራቀው መንደር ይልቅ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል።

የአገራችን መሬት ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሰፊ ክፍል በባዛልትና በሌሎች የእሳተ ገሞራ ዓለቶች የተሸፈነ ነው። ስምጥ ሸለቆውና ጠርዞቹ ደግሞ በየጊዜው በሚንቀሳቀሱ የመሬት ስብራቶች የተቆራረጡ ናቸው። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ምንጮች አንዱ የሆነው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ የሚገኘውም በተሰነጠቀና ቀዳዳ በበዛበት ባዛልት ውስጥ ነው። ውሃ ለመስጠት የተመቸው ያው ዓለት ብክለትንም ለማስተላለፍ የተመቸ ነው። ለከተማዋ ውሃ የሚፈልገው የጂኦሎጂ ባለሙያ ሲያየው የሚደሰትበት ቦታ የመቅበሪያ ቦታ ፈላጊው ሊሸሸው የሚገባ ቦታ ነው።

ጥቁሩ መረሬ አፈር አለን የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ መረሬ እርጥብ ሲሆን ውሃ አያሳልፍም፤ በክረምት ማሳ ላይ ውሃ የሚተኛው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን በበጋ ይኼው አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ የከብት እግር የሚያስገባ ክፍተት እንደሚፈጥር ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። እርጥብ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ የለካ ባለሙያ በጣም ጥሩ ቁጥር ያገኛል፤ ማሳው ላይ በመጋቢት የቆመ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ሲመጣ ስንጥቆቹ እስኪዘጉ ድረስ ውሃው በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መረሬን ለመከላከያነት የሚጠቀም መሐንዲስ እርጥበቱን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቅበት ዘዴ ሊኖረው ይገባል።

ዝናቡም የራሱ ድርሻ አለው። በአንድ ሄክታር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ፣ ካልተከደነ መቅበሪያ ላይ ከዝናቡ አንድ አምስተኛው ወደ ውስጥ ቢሰርግ በየዓመቱ ከየሄክታሩ 2,000 ሜትር ኩብ የተበከለ ፍሳሽ ይፈጠራል። ይህን የሚቀዳው ፓምፕ በመብራት መጥፋት ወይም በበጀት እጥረት ቢቆም፣ ሥሩ በደንብ የተደፈነው መቅበሪያ እንደ ገንዳ ሞልቶ ከላይ ይፈሳል።

ከካርታ እስከ ቁፋሮ

የቦታ መረጣ የሚጀምረው ጥሩ ቦታ በመፈለግ ሳይሆን መጥፎዎቹን በማውጣት ነው። በአካባቢው ካርታ ላይ የመጠጥ ውሃ የሚገኝባቸው ዓለቶች፣ ረግረግና የወንዝ ዳር፣ ለመንሸራተት የተጋለጡ ተዳፋቶች፣ የሚንቀሳቀሱ የመሬት ስብራቶች፣ የተጠበቁ ደኖችና ቅርሶች፣ ሰው የሰፈረባቸው ቦታዎች በየተራ ይሰረዛሉ። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ለምሳሌ አዲስ የአደገኛ ቆሻሻ ማከሚያና ማስወገጃ ተቋም በቅርብ የጂኦሎጂ ዘመን ከተንቀሳቀሰ ስብራት በ61 ሜትር ውስጥ ሊሠራ አይችልም። በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ በሚደርስበት ሜዳ ላይ የሚሠራም ጎርፉ ቆሻሻውን ጠርጎ እንዳይወስድ የሚያደርግ መከላከያ እንዲኖረው ይጠየቃል።

«በመቶ ዓመት አንዴ» የሚለው አባባል ብዙዎችን ያሳስታል። ትርጉሙ ጎርፉ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ፣ በ100 ዓመት ውስጥ ደግሞ 63 በመቶ ይሆናል። ለዘለቄታው የሚቀበር ነገር ላለው ሰው ይህ ከቁም ነገር የሚገባ ቁጥር ነው።

ከስረዛው የተረፉት ቦታዎች በነጥብ ይወዳደራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር ስላለ በምናባዊ ምሳሌ እንየው። ቦታ «ሀ» እና ቦታ «ለ» በሦስት መመዘኛዎች ከአሥር ነጥብ ተሰጥቷቸዋል እንበል። መሬቱ በሚሰጠው መከላከያ «ሀ» 9፣ «ለ» 5 አገኙ። በትራንስፖርትና በግንባታ ወጪ «ሀ» 4፣ «ለ» 9 አገኙ። ከነዋሪ በመራቅ ሁለቱም 6 አገኙ። ለመከላከያው 50፣ ለወጪው 20፣ ለርቀቱ 30 በመቶ ክብደት ስንሰጥ «ሀ» 7.1፣ «ለ» 6.1 ያገኛሉ፤ «ሀ» ያሸንፋል። ለመከላከያው 20፣ ለወጪው 50 በመቶ ብንሰጥ ደግሞ «ሀ» 5.6፣ «ለ» 7.3 ይሆናሉ፤ አሸናፊው «ለ» ነው።

በሁለቱ ስሌቶች መካከል የመሬቱ ልኬት አልተለወጠም። የተለወጠው ክብደቱ ብቻ ነው። ክብደቱን የሚወስነው ደግሞ የፊዚክስ ሕግ ሳይሆን ሰው ነው። ለገንዘብ ይህን ያህል፣ ለነገ ውሃ ይህን ያህል ዋጋ እንሰጣለን የሚል የዋጋ ፍርድ ነው። ስለዚህ ክብደቶቹ ቦታዎቹ ከመታወቃቸው በፊት፣ በይፋ፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ባሉበት መወሰን አለባቸው። ውጤቱ ከታየ በኋላ ክብደት የሚያስተካክል ኮሚቴ ሳይንስ እየሠራ አይደለም።

ሁለት የአሜሪካ ታሪኮች

በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በናያግራ ፎልስ ከተማ፣ ላቭ ካናል የሚባል ተጀምሮ የቀረ የውሃ ቦይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1953 ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ወደ 20,000 ቶን የሚደርስ የኬሚካል ቆሻሻ በዚያ ቀበረ። ቦታው ሸክላማ ስለነበር በዘመኑ መመዘኛ መጥፎ የሚባል አልነበረም። ኩባንያው ቦዩን በአፈር ከድኖ እ.ኤ.አ. በ1953 ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠው። በላዩና በአጠገቡ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ በግንባታው ክዳኑ ተቆፈረ። ዝናብና የቀለጠ በረዶ ገብቶ ሸክላማውን ቦይ እንደ ገንዳ ሞላው፤ ኬሚካሉም ወደ ምድር ቤቶችና ወደ ጓሮዎች ወጣ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ለቀው ወጡ። በላቭ ካናል የከዳው ሸክላማው መሬት አልነበረም። ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያስታውስና የሚያስከብር ተቋም አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በኖርዝ ካሮላይና ክፍለ ግዛት፣ በዋረን ካውንቲ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፒሲቢ ያለበት ዘይት በሌሊት ከ300 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የመንገድ ዳር በሕገ ወጥ መንገድ ተረጨ። የተበከለው አፈር ተጠርጎ የሚቀበርበት ቦታ ሲፈለግ፣ የተመረጠው አብዛኛው ነዋሪ ጥቁርና ድኻ የሆነበት ይህ ገጠራማ አካባቢ ነበር። የፌዴራሉ ደንብ በመቅበሪያው ወለልና በከርሰ ምድር ውሃው መካከል 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል ርቀት እንዲኖር ይጠይቃል። የቦታው ውሃ ግን ቅርብ ስለነበር መሥፈርቱ በልዩ ፈቃድ ታለፈ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጭነት መኪኖቹ ሲመጡ ነዋሪዎቹ መንገድ ላይ ተኙ፤ ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ አፈሩ ግን ተቀበረ።

በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በስምንት የደቡብ ምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች ያሉትን አራት ከፋብሪካ ግቢ ውጪ የሚገኙ የአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያዎች መረመረ። ሦስቱ የሚገኙት ጥቁሮች በሚበዙባቸው አካባቢዎች ነበር። የዋረን መቅበሪያም ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በውስጡ ወደ አንድ ሚሊዮን ጋሎን የሚጠጋ ውሃ እንደተጠራቀመ ታወቀ፤ በመጨረሻም የተቀበረው አፈር ወጥቶ እንዲጸዳ ተደረገ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጠናቀቅ 18 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። በመጀመሪያ በርካሽ የተገኘው ቦታ በመጨረሻ ርካሽ አልሆነም።

ሰንዳፋና ቆሼ

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው ምሳሌ ለአደገኛ ቆሻሻ ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ አይደለም። ይሁንና አደገኛው ከተራው ሳይለይ በሚጣልበት ከተማ የተራ ቆሻሻ መጣያም በከፊል የአደገኛ ቆሻሻ መጣያ ነው። አዲስ አበባ ለአሥርተ ዓመታት ቆሻሻዋን ስትጥልበት የቆየችው ቆሼ፣ መጀመሪያ ከከተማ ውጪ የነበረ ቦታ ነው። ከተማዋ አድጋ ደረሰችበት፤ ሰዎችም በጥጉና በላዩ ኖሩበት።

በእርሱ ምትክ በፈረንሳይ ድጋፍ በሰንዳፋ አካባቢ የተሠራው ዘመናዊ መቅበሪያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ሽታውንና ፍሳሹን በመቃወም፣ ውሃቸውና ከብቶቻቸው እንደተጎዱ በመግለጽ ተነሡ፤ መቅበሪያውም ከወራት በኋላ ሥራ አቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቁልል ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ስለ ቁልል መናድ ፊዚክስ የሚለው ግልጽ ነው። ቁልሉን በተዳፋቱ ላይ የሚይዘው በቁርጥራጮቹ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ውሃ ወደ ውስጥ ሰርጎ በክፍተቶቹ ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር ቁርጥራጮቹን ያላላቸዋል፤ ክብደቱ ሳይቀንስ ሰበቃው ይቀንሳል። ተዳፋቱ ሲሾልና ቁልሉ ሲያድግ ደግሞ ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል ይጨምራል። ሁለቱ የተገናኙበት ቀን ቁልሉ ይሄዳል።

ከሰንዳፋ ወደ ቆሼ ያለው መንገድ ግን ከፊዚክስ የሰፋ ነው። በአንድ በኩል ማሳውንና ውሃውን ለመጠበቅ የተነሣ ገበሬ አለ፤ ሥጋቱን «አላዋቂነት» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ከላይ እንዳየነው ስለ ማሳው ስንጥቅ ከላቦራቶሪው ይበልጥ የሚያውቀው እርሱ ነው። በሌላ በኩል በቆሼ ጥግ የሚኖር ሰው አለ፤ አዲሱ ቦታ በቀረ ቁጥር አደጋውን የሚሸከመው እርሱ ነው። «በእኛ አካባቢ አይሆንም» የሚለው ቃል በተነገረበት ቦታ አያበቃም፤ ቆሻሻው ድምፁ ወዳልተሰማ ሰው ይሄዳል። ቦታ ሳይመረጥ መቆየትም ራሱ ምርጫ ነው፤ የሚመርጠውም ቆሻሻው ዛሬ ያለበትን ቦታ ነው።

ምን እንጠይቅ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው በአንቀጽ 44፣ የአካባቢ ፕሮጀክቶች በቀጥታ የሚመለከቱት ሕዝብ ምክክር የማድረግና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ደግሞ በአንቀጽ 92 ይደነግጋል። በ2010 ዓ.ም. የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥቷል። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ተማሪዎች አንዳንዶቻችሁ ነገ በእንዲህ ያለ ጥናት ቡድን ውስጥ ትቀመጣላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ጥናቱ በሚቀርብላቸው ነዋሪዎች መካከል ትገኛላችሁ። በየትኛውም ወገን ብትሆኑ የሚከተሉትን ጥያቄዎች አንሡ።

አንደኛ፣ ቆሻሻው ከምንጩ ሊቀነስ፣ ሊለይ ወይም አስቀድሞ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ ሊጠጥር ይችል ነበርን? መቅበር የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ሁለተኛ፣ የከርሰ ምድር ውሃው በስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው? የተለካው በበጋ ነው ወይስ በክረምት ማብቂያ? ወደየትስ ይፈሳል?

ሦስተኛ፣ አፈሩ የተመረመረው በላቦራቶሪ ብቻ ነው ወይስ በቦታውም ጭምር? ከአፈሩ ሥር ያለው ዓለት ስንጥቅ ተጠንቷልን?

አራተኛ፣ የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ከመቅበሪያው በላይም በታችም ይቆፈራሉን? የመጀመሪያው የውሃ ናሙና ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተወስዶ ለነዋሪው ተሰጥቷልን? የመነሻ ልኬት ከሌለ በኋላ ማን በከለው ብሎ መከራከር ከንቱ ነው።

አምስተኛ፣ መቅበሪያው ከተዘጋ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? በምን ገንዘብ? በአሜሪካ ደንብ የተለመደው የድኅረ መዝጊያ ጥበቃ ዘመን 30 ዓመት ነው። የእርሳስን ዕድሜ ስናስብ ይህም አጭር ነው።

ስድስተኛ፣ የመመዘኛዎቹ ክብደት የተወሰነው መቼ ነው? በማን ፊት?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥርና በሰነድ መልስ ያለው ፕሮጀክት የነዋሪውን አመኔታ ለመጠየቅ መብት አለው። መልስ የሌለው ግን በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሠራም ለማንም አይርቅም።

በመግቢያችን ያነሣነው ቤተሰብ የመጸዳጃውን ቦታ ከመወሰኑ በፊት ጎረቤቱን ጠርቶ ቢያማክር፣ ጎረቤቱ ምናልባት «በዚያ በኩል የእኔ ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ከእናንተ ወደ እኔ ነው የሚወርደው» ይለው ይሆናል። ያ ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ካርታ ላይ የማይገኝ መረጃ ነው፤ የሚገኘውም ከመቆፈሩ በፊት ለጠየቀ ሰው ብቻ ነው።